«ግሬን ፍሪ» የውሻ ምግብ፦ ከመግዛታችን በፊት ምን እንወቅ?

(በናይፍ ባደረግነው ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት እህታችን ያቀረበችው ንግግር ነው። ያልመጣችሁ እህቶች ስለጠየቃችሁን እንዳለ አትመነዋል።)

እህቶቼ፣ ከሻርጃና ከአጅማን በአውቶቡስ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ፣ በተለይ እናንተ እንኳን ደህና መጣችሁ። በሳምንት ያለችን የእረፍት ቀን አንድ ናት። እሷንም ለእንቅልፍ ሳይሆን ለዚህ ስብሰባ ስለሰጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ውሻ ምግብ ነው ስላችሁ ከኋላ የሳቃችሁ አላችሁ። ሳቁ ግድ የለም፣ እኔም በፊት ስቄ ነበር። አገር ቤት እያለን ለውሻ ብሎ ምግብ የገዛ ማን አለ? የተረፈ እንጀራ፣ አጥንት፣ የድስት ጥራጊ ነው የሚበላው። እዚህ ስንመጣ ግን ውሻው የራሱ ሻምፖ፣ የራሱ ሐኪም፣ የራሱ ቀጠሮ አለው። እሱን የምታበላው፣ የምታጥበው፣ በሌሊት የምታወጣው ደግሞ እኛ ነን። ውሻው ሲያክከው፣ ሲያስቀምጠው፣ ጸጉሩ ሲረግፍ መጀመሪያ የምትጠየቀው ማን ናት? «ምን አበላሽው?» የምትባለው ማን ናት? እኛው ነን። ስለዚህ ይህ ወሬ የውሻ ብቻ አይደለም፣ የእንጀራችንም ጉዳይ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ቪላ ቤት እሠራ ነበር። ማክስ የሚባል ውሻ ነበራቸው፣ አሥር ኪሎ ገደማ የሚመዝን። ማክስ ቀንና ሌሊት እግሩን ይልሳል፣ ጆሮውን ያክካል፣ ሆዱ ሥር ቀልቶ ነበር። ማዳም ጓደኛዋ ነገረቻትና «ግሬን ፍሪ» የሚል ውድ ከረጢት ገዝታ መጣች። ዋጋውን ሳየው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደመወዜን አሰብኩ። ለእናቴ በየወሩ ከምልከው ብዙም አያንስም ነበር። ያን ቀን ማታ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ውሻው ምን አደረገኝ? ምንም። ግን ሰው ነኝ።

አንድ ወር አለፈ፣ ሁለተኛው ገባ፣ ማክስ ማከኩን አልተወም። ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ዳቦ ትሰጪዋለሽ፣ እንጀራሽን ትሰጪዋለሽ፣ አለዚያማ ይድን ነበር» አለችኝ። አልሰጠሁም ብል ማን ያምነኛል? የከረጢቱን ዋጋም ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ አለች። ያኔ ነው ደብተር የገዛሁት።

በደብተሩ ላይ በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፍኩ። ማክስ ምን በላ? ማን ሰጠው? ምን ያህል አከከ? ሌላ ጥበብ የለኝም፣ የጻፍኩትም በአማርኛ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ልጆቹ ቁርስ ላይ ከጠረጴዛ ሥር አይብ ይጥሉለታል። ባባ ማታ ቴሌቪዥን ሲያይ የደረቀ የዶሮ ሥጋ ያጎርሰዋል። እኔ ደግሞ ያንኑ ውድ ከረጢት አበላዋለሁ። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ደብተሩን ይዤ ሄድኩና ለማዳም በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ነገርኳት፣ እሷ ለሐኪሙ ነገረች። ሐኪሙ ከረጢቱን ገልብጠው ጀርባውን አነበቡና ሳቅ አሉ። እህል የለውም፣ እውነት ነው። የመጀመሪያው የተጻፈው ነገር ግን ዶሮ ነበር።

በኋላ በሙከራ እንደተረጋገጠው ማክስን የሚያሳክከው ስንዴ አልነበረም፣ ዶሮው ነበር። ማዳም ብሩን ሁሉ ያወጣችው ላልሆነ ነገር ነው፣ እኔም የተወቀስኩት ላልሠራሁት ነገር ነው። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ «ግሬን ፍሪ» ምን ማለት ነው?

በእኛ ቋንቋ «እህል» ስንል ስንዴውም፣ ጤፉም፣ ባቄላውም፣ ሽምብራውም እህል ነው። ከረጢቱ ላይ «ግሬን ፍሪ» ሲል ግን ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ አጃ የለበትም ማለቱ ነው። አተር፣ ምስርና ሽምብራ በእነሱ አቆጣጠር ግሬን አይባሉም። እንዲያውም ብዙው ግሬን ፍሪ ምግብ በእነዚህ የተሞላ ነው። ደረቁ እንክብል እርስ በርሱ እንዲያያዝ ስታርች ይፈልጋል፣ ስንዴውን ሲያወጡ በቦታው አተር፣ ምስር፣ ድንች ወይም ካሳቫ ይገባል። ስለዚህ ግሬን ፍሪ የበላ ውሻ ሥጋ ብቻ በላ ማለት አይደለም፣ በከፊል ሽሮ እየበላ ነው ብትሉም ብዙ አልተሳሳታችሁም።

ሌላው፣ «ግሉተን ፍሪ» እና «ግሬን ፍሪ» አንድ አይደሉም። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በዘመዶቻቸው ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ሩዝና በቆሎ ግሉተን የላቸውም፣ ግን ግሬን ናቸው። ጤፋችንም እንደዚያው ነው። «እንጀራ ግሉተን የለውም» ብላችሁ ግሬን ፍሪ ለታዘዘለት ውሻ እንዳትሰጡ።

ሁለተኛ፣ የውሻ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ከምን ይመጣል?

በ2016 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ሐኪሞች በምግብ አለርጂ የተያዙ 297 ውሾችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ሰብስበው ቆጥረዋል። በሬ ሥጋ 34 በመቶ፣ ወተትና የወተት ውጤት 17 በመቶ፣ ዶሮ 15 በመቶ፣ ስንዴ 13 በመቶ፣ የበግ ሥጋ 5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አያችሁ? ስንዴ አለ፣ ውሸት አይደለም። ግን አራተኛ ነው። ከፊቱ ሦስቱ ሥጋና ወተት ናቸው። እንደ አይሪሽ ሴተር ያሉ አንዳንድ ዝርያዎች በዘር ግሉተን የማይስማማቸው አሉ፣ እነሱ ግን ጥቂት ናቸው።

ከዚያም በላይ የሚያክክ ውሻ ሁሉ የምግብ አለርጂ የለበትም። ቁንጫና መዥገር ያሳክካል። አቧራ ያሳክካል። እኛ ደግሞ በእጃችን የምናደርገው አለ፤ ወለሉን በበረኪና ወልውለን ሳይደርቅ ውሻው ይራመድበታል፣ ከዚያ እግሩን ይልሳል። እግሩ ቀልቶ ስታዩ ከምግቡ በፊት የወለሉን ውኃ አስቡ። በንጹሕ ውኃ ድገሙት፣ እስኪደርቅም ውሻውን ሌላ ክፍል አቆዩት። ይህ ድርሃም አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ በምን ይታወቃል?

የደም ምርመራና የጸጉር ምርመራ የሚሸጡ አሉ፣ ለምግብ አለርጂ ግን የሚታመንበት መንገድ ሙከራው ነው። ሐኪሙ አንድ ምግብ ይመርጣሉ፣ ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀው ሥጋ ያለበት ወይም በፋብሪካ ፕሮቲኑ የተሰባበረ፣ «ሃይድሮላይዝድ» የሚባለው። ከዚያ ስምንት ሳምንት ያንን ብቻ ይበላል። ለምን ስምንት? በአምስት ሳምንት ከአሥር ውሻ ስምንቱ ይሻላቸዋል፣ በስምንት ሳምንት ደግሞ ከአሥር ዘጠኙ። በሁለት ሳምንት «አልሠራም» ብላ ሌላ ከረጢት የምትገዛ ማዳም ብሯን ነው የምትጥለው፣ እኛም መልሰን ተወቃሽ እንሆናለን።

በእነዚያ ስምንት ሳምንታት አንዲት ቁራሽ አይብ ሙከራውን ታበላሸዋለች። ስለዚህ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡን ሁሉ፣ ልጆቹን ጭምር፣ ማዳም ራሷ ትንገርልሽ። አንቺ ልጆቹን ብትከለክዪ አይሰሙሽም። የሚታኘክ መድኃኒት የሥጋ ጣዕም ካለው ሐኪሙን ጠይቁ። ውሻው ከተሻለው በኋላ የድሮውን ምግብ መልሶ መስጠት ነው። ማከኩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተያዘ። ማክስም የተያዘው እንዲህ ነው።

አራተኛ፣ ግሬን ፍሪ ከታዘዘ እንዴት ይመረጥ?

ሐኪሙ ስንዴ ወይም ሌላ እህል ነው ካሉ እሺ፣ ይገዛ። ግን የፊቱን ሥዕል ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። የሚዘረዘረው እንደ ክብደቱ ነው፣ ብዙ ያለው መጀመሪያ ይጻፋል። አብዛኛው ከረጢት እንግሊዝኛም ዓረብኛም አለው፣ ያላነበባችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ የምታነብ እህት ጠይቁ። «ቺክን» ዓረብኛው «ደጃጅ» ነው። «ፊሽ» «ሰመክ» ነው። «ዊት» የሚለው ስንዴው «ቀምሕ» ነው። በቆሎው «ዙራ» ነው፣ እህሎች በጅምላ «ሑቡብ» ናቸው። እነዚህን አምስት ቃላት የያዘች ሰው አትታለልም።

«ዊዝ ሳልመን» የሚል ስታዩ ተጠንቀቁ። በአውሮፓ ደንብ እንዲህ ለመጻፍ 4 በመቶ ሳልመን ይበቃል፣ የቀረው ዶሮ ሊሆን ይችላል። «ኮምፕሊት» የሚል ቃል ፈልጉ፣ ለዕለት ምግብ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። «ኮምፕሊሜንታሪ» ካለ ግን ተጨማሪ ነው፣ እሱን ብቻ ለወራት ማብላት ውሻውን ይጎዳል። ሁለቱ ቃላት ስለሚመሳሰሉ ብዙዎቻችን ተሳስተናል።

አሁን የዋጋው ነገር። ርካሽ የሚባለው በከረጢት ሳይሆን በኪሎ ነው የሚታየው። ለምሳሌ እንበል፣ ሁለት ኪሎው 90 ድርሃም ነው፣ አሥራ ሁለት ኪሎው 360 ነው። የመጀመሪያው በኪሎ 45፣ ሁለተኛው በኪሎ 30 ድርሃም ይመጣል። ውሻው በቀን 150 ግራም ከበላ በወር አራት ኪሎ ተኩል ነው፤ በትንሹ ከረጢት 202 ድርሃም ገደማ፣ በትልቁ 135። ለማዳም እንዲህ አስልታችሁ ወረቀት ላይ ብታሳዩአት ታከብራችኋለች። ግን ትልቅ ከረጢት ከመግዛት በፊት አንድ ነገር አለ። የዱባይን ሙቀት ታውቁታላችሁ። የተከፈተ ከረጢት በረንዳ ላይ ወይም ጋራዥ ውስጥ ከተቀመጠ ስቡ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ ውሻውን ያስቀምጠዋል። ከነከረጢቱ አፉን አጥፋችሁ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። በስድስት ሳምንት ውስጥ የማያልቅ ከሆነ አነስ ያለው ይሻላል።

ደግሞ ሰፍራችሁ አብሉ። በአይን አይሰፈርም፣ የኩሽና ሚዛን ተጠቀሙ። ብዙ ውሻ ከሚገባው በላይ ስለሚበላ ምግቡ ቶሎ ያልቃል፣ «ትሸጪዋለሽ እንዴ?» የሚባል ነገር ይመጣል። ይህ የደረሰባት እህት እዚህ መካከላችን አለች።

ምግብ ስትቀይሩ በአንድ ቀን አትቀይሩ፣ ሐኪሙ ካላዘዙ በቀር። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ከአሮጌው እየቀነሳችሁ አዲሱን ጨምሩ። አለዚያ ተቅማጥ ይመጣል፣ አዲሱ ምግብም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

አምስተኛ፣ ግሬን ፍሪ ለሁሉም ውሻ ጥሩ ነው ወይ?

አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ልባቸው ጡንቻው ሳስቶ እየሰፋ የታመሙ ውሾች ሪፖርት ሲመረመር፣ በ2019 ባወጣው መሠረት ከ500 በላይ ውሾች ተቆጥረው፣ ከተጠቀሱት ምግቦች ከ90 በመቶ በላይ ግሬን ፍሪ ነበሩ፣ ብዙዎቹም አተር ወይም ምስር ነበረባቸው። ምግቡ ነው ያመጣው ተብሎ እስካሁን አልተረጋገጠም። ሐኪሞች የሚሉት ግን ይህ ነው፤ ውሻው እህል የሚጎዳው መሆኑ ካልታወቀ፣ ግሬን ፍሪ ስለተባለ ብቻ ውድ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። ግሬን ፍሪ የሚበላ ውሻ ሲደክም፣ ሲያስለው፣ ራሱን ሲስት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ።

ማክስ በመጨረሻ የበላው ምን መሰላችሁ? ዓሣና ሩዝ ያለበት፣ ከዚያኛው በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ተራ ከረጢት። ሩዝ ግሬን ነው፣ ምንም አላደረገውም።

ስድስተኛ፣ ኩሽና ውስጥ የሚቀቀልለትስ?

አንዳንዷ ማዳም «አንቺ ቀቅዪለት» ትላለች። ለጥቂት ቀን፣ ሐኪሙ ካሉ፣ ችግር የለውም። እሾሁ የወጣ የተቀቀለ ዓሣ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት እህል የሌለባቸው ናቸው፣ ከሱቅ በርካሽ ይገኛሉ። ግን ለወራት ያለ ሐኪም መመሪያ ከሆነ ካልሲየምና ሌላው ነገር ይጎድለዋል፣ አጥንቱ ይጎዳል። ያን ኃላፊነት አንቺ አትውሰጂ። «ሐኪሙ ይጻፉልኝና እሠራለሁ» በዪ።

ወጣችንን ደግሞ ፈጽሞ እንዳትሰጡት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉ፣ የተቀቀለውም ቢሆን። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌት፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ፣ ማካዳሚያ የሚባለው ለውዝ መርዙ ናቸው። የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። በበዓል ቀን ከዶሮ ወጣችን አጥንት ያጎረስን እህቶች በፍቅር ነው ያደረግነው፣ ግን አናድርግ።

አሁን ስለ ራሳችን ሁለት ቃል ተናግሬ ልጨርስ።

የውሻውን ምግብ በራሳችሁ ገንዘብ አትግዙ። «ዛሬ አንቺ ግዢ፣ እከፍልሻለሁ» ሲባል ደረሰኙን አስቀምጡ፣ በዚያው ሳምንትም ጠይቁ። ቤት ውስጥ ውሻ መኖሩን ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት መክተቡን ጠይቁ። ሙስሊም እህቶቼ፣ ምራቁ የሚያስቸግራችሁ፣ ወይም በሕፃንነታችሁ ተነክሳችሁ የምትፈሩ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከገባችሁ በኋላ ጓንትና ለሥራው ብቻ የሚሆን ልብስ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

ውሻው በሌሊት ሦስት ጊዜ ያስቀምጠዋል ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ብትነቁ፣ ያ ሥራ ነው። ከ2022 ታኅሣሥ ጀምሮ የሚሠራበት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9፣ በቀን 12 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያም 8ቱ ያልተቋረጠ፣ በሳምንትም አንድ ቀን እረፍት ይሰጣል። ደመወዛችሁ ተይዞ፣ ወይም ባላጠፋችሁት ተቆርጦ፣ በሰላም ተነጋግራችሁ ካልሆነ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ መስመር 80084 ነው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት፣ እጠብቃለሁ።

መዘገባችሁ? ጥሩ።

የእኔን መጨረሻ ጠይቃችሁኛል። ማዳም ከደመወዜ አልቆረጠችም። ይቅርታም አላለችም፣ እውነቱን ልናገር። ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ሲጠይቁ እኔን እያየች «እሷ ታውቃለች፣ ደብተሯን አምጥታለች» አለች። ለእኔ ያ ትልቅ ነገር ነበር። ማክስም እግሩን መላስ ተወ፣ ጸጉሩ ተመለሰ። ያን ቤት ስለቅ በር ላይ ቆሞ ጮኸብኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ እኔ ነበርኩ የማበላው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ውሻ ያለበት ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ ከዚሁ ከናይፍ ሱቅ አንዲት ትንሽ ደብተር ገዝታችሁ ሂዱ። ምን በላ፣ ማን ሰጠው፣ ምን ሆነ፣ በየቀኑ ሦስት መስመር ጻፉ። መጻፍ የማትችል እህት ካለች በድምፅ ትቅረጽ፣ በእረፍት ቀን እኔ እጽፍላታለሁ። ውሻው ሲታመም ይጠቅመዋል፣ አንቺን ሲወቅሱሽ ደግሞ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል።

አሁን ቡናው ደርሷል።